የተሸጠው ወንድሜ ክብደት

ወንድሜ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ለእማማ ጤናዬ በአንድ ራስ ጎደሬ ተሸጠ።

ሽያጩ የተፈጸመው በጓሯችን አጥር ላይ ነው። እናቴ ልጁን በነጠላ ጠቅልላ በአጥሩ ላይ አሻገረችው። እማማ ጤናዬ በግራ እጇ አቅፋ ተቀበለችውና በቀኝ እጇ ጎደሬውን አሻገረች። «ገዛሁ» አለች። እናቴ «ሸጥኩ» አለች። ከዚያ እማማ ጤናዬ አጥሩን ዞራ በፊት በር ገባችና «እንኪ፣ አሳድጊልኝ» ብላ ልጁን መልሳ ሰጠቻት። ጎደሬውን ለእራት ቀቅለን በላነው። በደንብ አልበሰለም ነበር፤ ጉሮሮዬን ሲያሳክከኝ አደረ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ገበያ እወርድ ስለነበር መግዛትና መሸጥ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የተሸጠ ነገር የገዢው ነው። ዋጋው ከተበላ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ እዚሁ ጂንካ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገዩ፣ የለቅሶው ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ይበቃ እንደሆነ ወይስ መንገዱ ላይ መተከል እንዳለበት አስባለሁ። ስለዚህ እናቴ ያን ቀን ያደረገችውን ለመረዳት አልቸገርም። ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። ልጅ የማይጸናላት ሴት አዲስ የወለደችውን ልጅ ለጸናላት ሴት ትሸጣለች። ሞት ሲመጣ ያ ቤት ልጅ የለውም፤ ያለው የሰው ልጅ ነው። እማማ ጤናዬ ስድስት ወልዳ ስድስቱም አድገውላታል። ከእሷ የተሻለ ገዢ በከተማው አልነበረም።

እማማ ጤናዬ ራሷ ግን በነገሩ አታምንም ነበር። የኣሪ ሰው ናት፤ ከአውሮፕላን ሜዳው ማዶ ከባሏ ከኤርጎ ጋር እንሰትና ጎደሬ ታለማለች፤ ጴንጤም ናት። «ጌታ ልጅ የሚጠብቀው በጎደሬ አይደለም» አለቻት እናቴን አጥሩ ጋ ቆማ። «ግን አንቺ እንቅልፍ እንዲወስድሽ እገዛዋለሁ።»

ይህ ሁሉ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የተነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ይሄ የሰው ልጅ ነው» አለችኝ እናቴ። «እንዳትስሚው።»

እናቴ ያለምወርቅ የሰው ዕቃ በጥንቃቄ የምትይዝ ሴት ናት። የተዋሰችውን ወንፊት አጥባ፣ አድርቃ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትመልሰው። ልጁንም እንደዚያው ያዘችው። ታጥበዋለች፣ ታጠባዋለች፣ ታዝለዋለች። ሲጠባ ግን እሷ በሩን ታያለች። ስታዝለው ነጠላው ፊቱን ይሸፍነዋል። ሲያለቅስ «አስቹ፣ የሰው ልጅ እያለቀሰ ነው» ትለኛለች፤ አስቻለች ነው ስሜ፤ እኔ ሄጄ አነሳዋለሁ። ጎሳዬ ብላ ስም ያወጣችለት እማማ ጤናዬ ናት፤ ባለቤቱ እሷ ስለሆነች። እናቴ በስሙ ስትጠራው አንድም ቀን አልሰማሁም።

እሱም ቀስ በቀስ ማልቀስ ተወ። አስቀምጠውት በሄዱበት ቦታ ዓይኑን ጣሪያው ላይ አድርጎ ይቆያል። ጎረቤት ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ይል ነበር። እኔም እኮራ ነበር።

አባቴ ደምሰው የእርሻ ሠራተኛ ነው፤ ያን ዓመት፣ በ1977፣ ኦሞራቴ ተመድቦ ነበር። መኪና ሲገኝ ይመጣል። መኪና አይገኝም ነበር።

ጎሳዬ ስድስት ወር ሲሞላው፣ በሚያዝያ፣ ሲስተር ተናኜ መጣች። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ቤት ለቤት እየዞረች ትንንሽ ልጆችን ታያለች። ረጅም ናት። ነጭ ጋዋኗ ከወገቧ በላይ ንጹሕ ነው፤ ከወገቧ በታች የጂንካ ጭቃ ነው። ገብታ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ ከቦርሳዋ ሚዛን አወጣች።

ሚዛኑ ክብ ነው፣ የግድግዳ ሰዓት ይመስላል፤ ከላይ መንጠቆ፣ ከታች መንጠቆ አለው። የላይኛውን በበራችን አግዳሚ ላይ ሰቀለችው። ጎሳዬን ለእግሮቹ ሁለት ቀዳዳ ያለው ጨርቅ ውስጥ አስገብታ ከታችኛው ላይ አንጠለጠለችው። አላለቀሰም። ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ዞረ፣ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ዞረ። ሲስተር ተናኜ ቁጥሩን አነበበችና ካርድ ላይ ጻፈች።

«ብዙ ይቀረዋል» አለች።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ያየሁት አንድ ሌላ ቦታ ብቻ ነው፤ ፈለቀ ሥጋ ቤት። ፈለቀ ለፋሲካ የሚያርደውን በሬ በየሰው ግቢ እየዞረ ያያል፤ ጎኑን ይዳብሳል፣ «ይሄ ገና ነው፣ ትንሽ ይቀረዋል» ብሎ ይሄዳል። በሌላ ሳምንት ተመልሶ ያያል። ሲደርስ ይወስደዋል።

«ስሙ ማነው?» አለች ሲስተር ተናኜ ካርዱን እንደያዘች።

«ባለቤቱን ይጠይቁ» አለች እናቴ።

«የምን ባለቤት?»

«የልጁን ባለቤት።»

ሲስተር ተናኜ እስክሪብቶዋን ካርዱ ላይ አቆመች። እናቴን አየች፣ እኔን አየች፣ ጎሳዬን አየች። «ጎሳዬ ነው» አልኳት እኔ፤ ጻፈች። ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ ከረጢት ፋፋ አውጥታ ለእናቴ ሰጠቻት። ወተትሽ አልበቃውም፣ ይሄን እንደ አጥሚት አፍልተሽ በቀን ሦስት ጊዜ አብዪው፣ በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጣሁ እመዝነዋለሁ አለች።

ሁሉ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። እማማ ጤናዬ ሥራ ስለሚበዛባት ልጇ የሚወሰድበት ቀን መድረሱን የምታይላት ሴት ልካለች። ፋፋው ማወፈሪያ ነው። ቁጥሩ ሲሞላ ይወስዱታል።

ማፍላቱን እናቴ፣ ማብላቱን እኔ ያዝን። እናቴ ኩባያውን ትሰጠኝና ወደ ጓሮ ትወጣለች። እኔ በሩን ዘግቼ ጎሳዬን ጭኔ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሦስት ማንኪያ ለእኔ፣ አንድ ማንኪያ ለእሱ። ስስት አልነበረም። በእርግጥ ይጣፍጥ ነበር። ግን የምበላው እንዳይወስዱብኝ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ እኔን ሲያይ የሚስቅ እሱ ብቻ ነበር። አንድ ማንኪያ የሰጠሁትም እንዳይሞት ነው። ልኩን ያገኘሁት መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ሐሙስ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛውም አላለም። እናቴ አላዘነችም፣ አልተገረመችም። የምታውቀውን ዜና እንደገና እንደሰማ ሰው ራሷን ነቀነቀች።

በሦስተኛው ሐሙስ ሲስተር ተናኜ ሚዛኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ አልሄደችም። በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ምንም አልሠራችም። እናቴ ስታጥበው አየች፣ ስታለብሰው አየች፣ ስታጠባው አየች። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። የመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ሥራ ፈትቶ ሰው ቤት ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም፤ ዕቃውን እንዳናሸሸው እየጠበቀች ነው አልኩ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ለሕክምና አርባ ምንጭ ስሄድ አገኘኋት። ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። ያን አንድ ሰዓት ታስታውሰዋለች። «መመዘን፣ መከተብ፣ ሽንት ቤት ማስቆፈር ነበር የተማርነው» አለችኝ። «እናትሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጁን አንድ ጊዜ እንኳ አላየችውም። እሱም እሷን መፈለጉን ትቶታል። ይሄን የትኛው ሚዛን ላይ ልስቀለው?» ኃላፊዋ አንድ ቤት ውስጥ ለምን አንድ ሰዓት እንደምትቀመጥ በጠየቃት ቁጥር ሪፖርቱ ላይ «ክትትል» ብላ ትጽፍ ነበር።

ያን ቀን ግን የሰማሁት ይህን ነው።

«ሲጠባ ለምን አታዪውም?» አለች ሲስተር ተናኜ።

«በሩን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል» አለች እናቴ።

«በሩ ምን ይሆናል?»

«በሩ ምንም አይሆንም። የሚመጣው ግን በእሱ ነው።»

ሲስተር ተናኜም በሩን አየችው። አንድ ዶሮ ቆማ ነበር።

«ልጅሽ እኮ...»

«የእኔ አይደለም» አለች እናቴ ቶሎ ብላ፣ ጮክ ብላ፣ ጣሪያው ላይ ለተቀመጠ ሰው የምትናገር ይመስል። «የእማማ ጤናዬ ነው። ለማሳደግ ነው የተሰጠኝ።»

ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ስለ ጎጂ ልማዶች የሚናገር ትልቅ ፖስተር ነበር። ሲስተር ተናኜ በየቀኑ ከሥሩ ነው የምትቀመጠው። ከፖስተሩ አንድም ቃል አልተናገረችም።

«እማማ ጤናዬ ቤቷ የት ነው?» አለች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለቱ አብረው መጡ። እማማ ጤናዬ ሻርፗን አስተካክላ አስራ፣ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ባለቤት ናት። አማርኛዋ አጭር ነው፤ የማያስፈልግ ቃል አይገባበትም።

«ልጄ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አለች እናቴ።

«አሳዪኝ።»

እናቴ ከጀርባዋ አውርዳ ልትሰጣት ዘረጋችው።

«ለእኔ አይደለም። አንቺ ያዢ። ፊቱ ወደ አንቺ።»

እናቴ ከብብቱ ሥር ይዛ ከራሷ አራቀችው።

«ልጄ ጆንያ ነው?»

«አይደለም።»

«አስጠጊው። ሌላም። እንደሱ። አሁን አናግሪልኝ።»

«ምን ብዬ?»

እማማ ጤናዬ ወደ ሲስተር ተናኜ ዞረች። የምትለውን ያጠናች ይመስለኛል፤ ይሄን ግን አላጠናችውም።

«ያየሽውን ነገር ሁሉ ንገሪው» አለች ሲስተር። «ምንም ይሁን።»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «ትናንት ዘነበ» አለችው ልጁን። «ጣሪያው በማድቤቱ በኩል ያፈሳል። ደምሰው ቆርቆሮ እልካለሁ ብሎ ነበር። አልላከም።»

ጎሳዬ አፏን ተመለከተ።

«ቀጥዪ» አለች እማማ ጤናዬ።

«ከኦሞራቴ መኪና የለም ይላል። ለሌላው ሰው ግን መኪና አለ። ትናንትና እንኳ የጎሹ ልጅ ከዚያው መጣ።»

«ለእሱ ንገሪው። እኔን አትዪ።»

እናቴ ዓይኗን ከእማማ ጤናዬ ላይ አንስታ ወደ ልጁ መለሰች። «የጎሹ ልጅ መጣ» አለችው እንደገና። «ዓሣ ይዞ መጣ። ሸተተን።»

ጎሳዬ «እ» አለ።

«መለሰልሽ» አለች ሲስተር ተናኜ።

«ግሳት ነው» አለች እናቴ። ግን አላራቀችውም።

እማማ ጤናዬ ከመሄዷ በፊት በሩ ላይ ቆማ ትእዛዝ ሰጠች። «ጠዋት እንዲህ። ከሰዓት እንዲህ። ሲያለቅስ አንቺ፣ አስቹ አይደለችም። የሰው አደራ ነው።»

እናቴን የሚያውቅ ሰው ከዚህ የበረታ ነገር ሊላት አይችልም። አደራ የተባለን ነገር አጉድላ አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ከሰዓት ልጁን ፊት ለፊቷ ይዛ የዕለቱን ሁኔታ ታቀርብለት ጀመር። የቀበሌ ሱቅ ስኳር እንዳለቀበት ነገረችው። ሬዲዮኑ ስለ ሰሜኑ ድርቅ ያወራውን ነገረችው። የቦኖው ውኃ ወረፋ ምን ያህል እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ነገረችው። ድምፅዋ ለስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር። እሱ ዓይኑን ከአፏ ላይ አይነቅልም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ድምፅዋን ከውጭ ሲሰማ አንገቱን ወደ በሩ ማዞር ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ስትወጣ ማልቀስ ጀመረ።

«ልጁ ተበላሸ» አሉ ጎረቤቶች። «እንዴት ያለ ጨዋ ነበር።»

«አለቀሰ?» አለች ሲስተር ተናኜ ስትሰማ። «በጣም ጥሩ።» እኔ ምኑ ጥሩ እንደሆነ አልገባኝም። ክፉ ሴት ናት አልኩ።

ማብላቱ ግን በእኔ እጅ ቀረ፤ እማማ ጤናዬ ስለ ማብላት ያዘዘችው ነገር አልነበረም። በዚህ ጊዜ አራተኛውን ከረጢት ፋፋ ጨርሻለሁ። ቀሚሴ ብብቴ ሥር ጠቦኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በመጣው ሐሙስ ሲስተር ተናኜ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበች። ሚዛኑን አውርዳ መንጠቆውን አየች፣ መልሳ ሰቀለችና ለሦስተኛ ጊዜ አነበበች።

«ፋፋውን ይበላል?»

«አንጠፍጥፎ ነው የሚበላው» አለች እናቴ። «አስቹ ኩባያውን ባዶ ነው የምትመልሰው።»

«አስቹ፣ ይበላል?»

«አዎ» አልኩ።

ሲስተር ተናኜ ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለእናቴ ነገረቻት። እየበላ ካልጨመረ ውስጡ የሆነ በሽታ ሊኖር ይችላል፤ እዚህ የሚመረመር ነገር አይደለም። በሚመጣው ሐሙስ በጠዋት መጥታ ትመዝነዋለች። ካልጨመረ በዚያው ቀን በሚመጣው አውሮፕላን ከእናቱ ጋር አርባ ምንጭ ሆስፒታል ይሄዳል፤ የመሳፈሪያውን ወረቀት እሷ ታስፈርማለች።

«ነግሬዎት ነበር» አለች እናቴ።

ያን ሳምንት ለልጁ ምንም አልነገረችውም። አዘለችው፤ ነጠላውን ፊቱ ላይ መለሰችው። ሰኞ ዕለት ወደ ሱቅ ሄዳ ሁለት ሜትር አቡጀዲ ገዛች፤ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ለመንገድ ልብስ ልታሰፋለት ነው ብዬ ነጭ ልብስ አውሮፕላን ላይ እንደማይቆሽሽ አሰብኩ። አቡጀዲው ለምን እንደሆነ የገባኝ የራሴ ልጅ በወባ የተያዘ ጊዜ ነው። እኔም ሱቅ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ከበሩ ላይ ተመለስኩ።

በሐሳቤ ያስተካከልኩት ግን አንድ ነገር ነበር። ተሳስቻለሁ። ሲስተር ተናኜ የእማማ ጤናዬ ሰው አይደለችም። የእማማ ጤናዬ ብትሆን ኖሮ አርባ ምንጭ ምን ያደርጋል? ሌላ ገዢ ናት፤ ከሲታውንም ትወስዳለች። ሳላወፍረው ማቆየቴ ምንም አልጠቀመም። የቀረኝ አንድ መንገድ ነው። ቀድማ የገዛችው እማማ ጤናዬ ናት። ለእሷ ካስረከብኩት ከአውሮፕላን ሜዳው ማዶ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ አየዋለሁ።

የትምህርት ፈረቃዬ ከሰዓት ነበር። ሐሙስ ጠዋት እናቴ ፋፋውን አፍልታ ሰጠችኝና ባልዲዋን ይዛ ወደ ቦኖ ወረደች። እንደ ልማዴ ሦስት ማንኪያ፣ አንድ ማንኪያ እያልኩ ጨረስኩት። ከዚያ ጎሳዬን በአንቀልባ አዘልኩትና ወጣሁ።

የአውሮፕላን ሜዳው የከተማው መሐል ነው፤ ሣር ነው፤ አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት ላም ይግጥበታል። ጠባቂው ተሰማ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዛፍ ሥር ተቀምጧል።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«ልጁን ለባለቤቱ ልመልስ።»

«ጎበዝ» አለ ተሰማ። «ቶሎ ተሻገሪ፣ ሊመጣ ነው።»

እማማ ጤናዬ ደጇ ላይ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ ቦዬ፣ ጎደሬ የሚመስለውን ሥር፣ ትልጣለች።

«ልጅሽን አመጣሁልሽ» አልኳት።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። ሲስተር በአውሮፕላን ልትወስደው ነው። አንቺ ቀድመሽ ነው የገዛሽው።»

እማማ ጤናዬ ተነስታ አንቀልባውን ፈታችልኝ። ጎሳዬን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከድስቱ የተቀቀለ ቦዬ አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«ጠግቤያለሁ» አልኩ።

«በጠዋት ምን በልተሽ?»

«ፋፋ።»

«የማን ፋፋ?»

ዝም ብዬ የማመልጥ መስሎኝ ነበር። እሷም ዝም አለች። እማማ ጤናዬ ዝም ስትል ሌላው ሰው መናገር አለበት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሚዛኑን፣ ፈለቀን፣ ሦስት ለእኔ አንድ ለእሱ መሆኑን፣ እንዳይወስዱት ብዬ መሆኑን። ቢላዋዋን ከአጠገቧ ወደ ጎን ገፋች። በኣሪኛ አንድ ነገር አለች፤ ጸሎት ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ቦዬውን በጣቶቿ አድቅቃ፣ በውኃ አቅጥና ለጎሳዬ ማብላት ጀመረች። እኔ አብልቼው በማላውቀው ፍጥነት በላ።

የአውሮፕላኑ ድምፅ የተሰማው በዚያን ጊዜ ነው።

እናቴ ከቦኖ ስትመለስ ሲስተር ተናኜ ሚዛኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ቤቱ ባዶ ነው። እኔ ልጁን ይዤ የምሄድበት ቤት አንድ ብቻ እንደሆነ እናቴ ታውቃለች። ባልዲውን ጥላ ሮጠች። ሜዳው ጋ ስትደርስ ተሰማ ላሞቹን አስወጥቶ ፊሽካ እየነፋ ነበር፤ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሏል። «ሴትዮ፣ ቁሚ» አላት። አልቆመችም። በሜዳው መሐል ሮጣ ተሻገረች። አውሮፕላኑ እንደገና ወደ ላይ ወጣና አንድ ዙር ጨመረ። ተሰማ ስለዚህ ጉዳይ የጽሑፍ ማብራሪያ ተጠይቆ «ላም አልነበረችም፣ እናት ነበረች» ብሎ እንደጻፈ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

በአንድ እግሯ ጫማ የለም። እማማ ጤናዬ ደጅ ስትደርስ እጇን ዘረጋች።

«ስጪኝ።»

«ቁጭ በይ» አለች እማማ ጤናዬ።

«ስጪኝ አልኩሽ።»

«የእኔ ልጅ ነው።»

«አውቃለሁ። ስጪኝ።»

«እሰጥሻለሁ። መጀመሪያ ስሚ። አልታመመም። አልበላም። የበላችው ይቺ ናት።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሲስተር ተናኜም ደርሳ ነበር፤ እያለከለከች፣ ሚዛኑ በእጇ እየተወዛወዘ።

«ምን ያህል በላሽበት?» አለችኝ።

«ሦስት ለእኔ፣ አንድ ለእሱ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

ሲስተር ተናኜ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በሐሳቧ አሰላች። «እንደዚያ ከሆነ» አለች፣ «አለመቀነሱ ራሱ የሚገርም ነው።»

«በሽታ አይደለም?» አለች እናቴ።

«አሁንም አየዋለሁ። ግን አይመስለኝም። ረሃብ ነው።»

«ረሃብ ብቻ?»

«ረሃብ ብቻ።»

እናቴ መሬቱ ላይ፣ የቦዬው ልጣጭ ላይ ቁጭ አለች። እማማ ጤናዬ ልጁን አቀበለቻት። እናቴ ማንም ሳያዛት ፊት ለፊቷ ያዘችው። ከግንባሩ ጀምራ አየችው፤ ቅንድቡን፣ ጆሮውን፣ አገጩን፣ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚያገላብጥ ሰው ሳይሆን የጠፋ ደብዳቤ አግኝቶ እንደሚያነብ ሰው። ጎሳዬ ቦዬ ያለበትን እጁን አፏ ውስጥ ከተተ። አላወጣችውም፤ እጁ አፏ ውስጥ እንዳለ ነው የተናገረችው።

«ሳምንቱን ምንም አልነገርኩህም» አለችው። «ብዙ ነገር አለ።»

ሲስተር ተናኜ በእንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ካርዷን አወጣች። ምን እንደጻፈች በኋላ ጠይቄያታለሁ። «ክትትል» ነው የጻፈችው።

እናቴ ጎሳዬን ልጄ ብላ አታውቅም። ዛሬ ሃና ከተማ አስተማሪ ነው፤ ስልክ ሲደውል «የጤናዬ ልጅ ደወለ» ትለናለች። እኔ እንኳ፣ ሁሉን የማውቅ ሰው፣ ይህን እንድትተው ጠይቄያት አላውቅም። ከተወችው አንድ ነገር ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

ከእማማ ጤናዬ ቤት እስከ ቤታችን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። እናቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን። የሚጠብቀኝን አውቅ ነበር። ኩባያ ለሰበረ ልጅ አርጩሜ ነው፤ ወንድሙን ላስራበ ልጅ ምን እንደሆነ ግን በሰፈራችን ገና ተደርጎ አያውቅም። እናቴ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ወደ እኔ ዞረች። ሁለቱንም ጊዜ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው እዚያው ናት። ጎሳዬን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች፤ እኔን ለመምታት አንዱን እጇን ከእሱ ላይ ማንሳት አለባት። እኔን አየችኝ፣ እጆቿን አየች፣ ተመልሳ መንገዷን ቀጠለች።

ቤት ስንደርስ ታስቀምጠዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አላስቀመጠችውም። ፋፋውን በአንድ እጇ አማሰለች፤ እኔን በር ላይ አስቁማ ራሷ አበላችው። በማግስቱም እንደዚያው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እጆቿን እያየሁ ሰነበትኩ። ልጁን መሬት ማስቀመጥ የጀመረችው ራሱን ችሎ መሄድ ሲጀምር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የእኔን ጉዳይ ረስታዋለች። እኔ አልረሳሁትም። አሁንም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እናቴ ሁለት እጇን ዘርግታ ልትስመኝ ስትመጣ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ እላለሁ።